ዳይኖሰር የጠፋባት ልጅ

ሙናዊር የመጨረሻውን ካርቶን ከተሸካሚው ትከሻ ተቀብሎ መሬት ላይ እያስቀመጠ፣ «ኢክራ፣ መቀሱን አቀብይኝ» አለ። መልስ አልመጣም። ዞር ሲል በርጩማው ባዶ ነው። ስትቆረጥመው የነበረው ብስኩት ግማሹ ተገምጦ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ግን የለችም።

«ኢክራ!»

መጀመሪያ ተናደደ። እንደ ልማዷ ተደብቃ ይሆናል ብሎ የቦርሳውን ክምር ገለጠ፤ ባንኮኒው ስር አጎንብሶ አየ። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ስለሆነ ፈልጎ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በሩ ላይ ወጥቶ ግራ ቀኙን ሲያይ ንዴቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህንን ፍርሃት ያውቀዋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ሲረማመድ፣ የስድስት ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ወገብ እንኳ አትደርስም። ጋሪ ገፊው ከጭነቱ ማዶ አያያትም። ወደ ኋላ የሚመጣው አይሱዙም አያያትም። የሚያያት ሰው ቢኖር ደግሞ ባያያት የሚሻል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሙናዊር እዚሁ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ለዚያም ይመስላል ልጁን ወደ ሱቁ ማምጣት የማይወደው። ዛሬ ግን ሚስቱ ሀፍሷ እናቷ ታማባት ቡታጅራ ሄዳለች፤ ልጅቷን የሚይዝለት ሰው አላገኘም።

ጠዋቱን ሙሉ ደግሞ ከጥያቄዋ ሲሸሽ ነው የቆየው። ጣጣው የመጣው ዳይኖሰር ከተሣለበት አዲስ የተማሪ ቦርሳ ጋር ነው። ኢክራ ሥዕሉን ስታይ እንደ ቀማኛ ተንደርድራ ያዘችው። በእናቷ ስልክ የምታየው ሌላ ነገር የላትም፤ ዳይኖሰር፣ ዳይኖሰር፣ ነጋ ጠባ ዳይኖሰር።

«አባ፣ አረንጓዴ መሆኑን ማን ነገራቸው?»

«ለማን?»

«ቦርሳውን ለሠሩት። የብዙዎቹ ቀለም አይታወቅም እኮ! እንዴት እንደሚጮሁም አይታወቅም። አጥንታቸው ነው የተገኘው።»

«እሺ፣ ጎበዝ።»

«ዶሮ ደግሞ ዘመዳቸው ናት። ታውቃለህ?»

«ለዶሮዋ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።»

ኢክራ አልሳቀችም። ለእሷ ይህ ቀልድ አይደለም። «አባይ በረሃ ውስጥ ጥርሳቸው ተገኝቷል፣ እዚሁ አገራችን! ሌላ አገር ደግሞ የአንዱ ሁለት ክንድ ብቻ ተገኘ፤ ካንተ የሚረዝም ክንድ። ሌላው ሰውነቱ ወደ አምሳ ዓመት ጠፍቶ ቆየ። የማን ክንድ እንደሆነ ሁሉም ሰው ግራ ገባው። ከዚያ ተገኘ!»

«ተመስገን ነው።»

«አባ፣ አሁን የት ናቸው?»

ያን ጊዜ ከሆሳዕና የመጣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ዋጋ እየተከራከረው ነበር። «ጠፉ» አላት፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ጠፉ። ድሮ ነው የጠፉት።»

«የት ነው የጠፉት?»

«ኢክራ! ሰው እያናገርኩ ነው!»

ዝም አለች። ዝም ስትል ደስ አለው። አሁን በሩ ላይ ቆሞ ያቺ ደስታው አንገበገበችው።

ፊት ለፊቱ ሳፋና ጆግ የምትሸጠው እትዬ ሙሉመቤት መዝጊያዋን አውርዳ ለቅሶ ለመድረስ ተክለ ሃይማኖት ሄዳለች። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ልጁን አይተው እንደሆነ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ አላየንም አሉት። መንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ግን፣ «አረንጓዴ ሹራብ? ጥቁር የለበሰች ሴትዮ እጁን ይዛ የምትጎትተው ሕፃን አይቻለሁ፤ ወደ ጎጃም በረንዳ» አለችው።

ሙናዊር ሮጠ። ሱቁን ለማንም አደራ ሳይል፣ ወገቡ ላይ ያሰረው የገንዘብ ቦርሳ እየተወዛወዘ ሮጠ። «ኢክራ!» ይላል፤ ድምፁ በሰው ጫጫታና በጋሪ ገፊዎች «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል!» ውስጥ ይሰምጣል። ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ማን ናት? ልጄን ምን ብላ ነው የምትጎትታት? የማይታሰበውን ሁሉ አሰበ። በሬዲዮ የሰማውን፣ በሻይ ቤት ሰዎች ያወሩትን፣ ያኔ ከንፈር መጥጦ ያለፈውን ሁሉ አሁን የገዛ ልጁ ላይ አስቀምጦ አየው።

ጎጃም በረንዳ መታጠፊያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እንደመጣ ቆሞ ሾፌሩ ወርዶ ጭንቅላቱን ይዟል። ሙናዊር ከኋላ ቆመ። ሰዉን ገፍቶ መግባት አቃተው። መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰውዬ ትከሻ ያዘና፣ «ወንድሜ፣ ምንድን ነው?» አለ።

«ጋሪ ገጭቶ ነው። ጆንያ ተቀደደ እንጂ ሰው አልተነካም። አልሐምዱሊላህ ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙናዊር፤ እንባው መጣ።

ያን ጊዜ ነው ከሰዉ ማዶ ጥቁር ቀሚስና አረንጓዴ ሹራብ ያየው። እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ሕፃኑን ትከሻውን ይዞ ሲያዞረው የማያውቀው ወንድ ልጅ ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ልጄን ልቀቅ!» ሴትዮዋ ጮኸች። ሰዎች ዞረው አዩት፤ አስተያየታቸው መልካም አልነበረም።

«ይቅርታ እህቴ። ልጄ… ልጄ የለችም።»

የሴትዮዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ። የራሷን ልጅ ወደ ቀሚሷ ሳብ አድርጋ፣ «ወይኔ! መስጊድ ሂድ፣ በድምፅ ማጉያ ያስነግሩልሃል። ቶሎ!» አለችው።

መስጊዱ በር ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ሀፍሷ ናት።

«ኢክራ በላች?»

«በልታለች።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት? አሟታል እንዴ?»

«የለም፣ ደክሟት ነው። ደንበኛ አለኝ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። ልጅቷ ሳትገኝ ቢመሽ ይህንን ውሸት ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ማይክራፎኑን የያዙት አዛውንት ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የለበሰችውን ጠየቁት። ከዚያም ድምፃቸው ከጣራው በላይ ወጥቶ መርካቶ ላይ ተበተነ። «ኢክራ ሙናዊር የምትባል፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች የስድስት ዓመት ልጅ ጠፍታለች። ኢክራ ሙናዊር ጠፍታለች። ያያችኋት…»

ጠፍታለች። ቃሉ ከፎቅ ፎቅ እየተጋጨ ወደ እሱ ተመለሰ። ጠፉ። ሁሉም ጠፉ። ጠዋት ከራሱ አፍ የወጣ ቃል ነው! እሱ የተናገረው እንደ ትልቅ ሰው ነበር፤ አለቁ፣ ዘራቸው አልቀረም ለማለት። ልጅቷ ግን የሰማችው እንደ ልጅ ነው። እሷ ቤት ካልሲ ይጠፋል፣ ይፈለጋል፣ ከአልጋ ስር ይገኛል። «የት ነው የጠፉት?» ያለችው ለካ ልትፈልጋቸው ነው።

ይህንን ማወቁ አላረጋጋውም፤ ይባስ አስደነገጠው። ዳይኖሰር የሚፈልግ ሕፃን ወዴት ይሄዳል? እየሮጠ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እትዬ ሙሉመቤት ከለቅሶ መጥታ መዝጊያዋን እያነሳች ነበር።

«ሙናዊር፣ ቁልፍህን አገኘኸው?»

«የምን ቁልፍ?»

«ልጅቷ ቅድም ልወጣ ስል መጥታ፣ ‹እትዬ፣ የጠፋ ነገር የት ነው የሚገኘው?› አለችኝ። ቁልፍ ጠፍቶብህ መስሎኝ፣ እንደው ለጨዋታ፣ ‹የጠፋ ነገርማ ምን አለሽ ተራ ነዋ!› አልኳት።»

የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚቀልደው ቀልድ ነው። የአሮጌ ምጣድ እጀታ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ የቆየ ማሽን ብሎን፣ ሌላ ቦታ ተፈልጎ የታጣ ነገር ሁሉ አሮጌ ብረት በሚቀጠቀጥበት ምን አለሽ ተራ ይገኛል ይባላል። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ቀልድ መሆኑን የነገራት የለም።

«ምነው? አጣሃት እንዴ?» እትዬ ሙሉመቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይ አፌ! ወይ እኔ!» ሙናዊር ግን አልቆመላትም።

ምን አለሽ ተራ ሲገባ ፍርሃቱ ሌላ መልክ ያዘ። በየበሩ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠርዙ እንደ ቢላ ተስሎ ተጋድሟል። የብየዳው ብልጭታ መተላለፊያው ላይ ይረጫል። መዶሻው ከግራም ከቀኝም ስለሚወርድ ቢጮህ አይሰማም፤ እሷም ብትጮህ አይሰማም። የአንዱን በያጅ ክንድ ይዞ ጆሮው ላይ ጮኸ።

«አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ልጅ አይተሃል?»

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ዳይኖሰር የጠፋባትን? ጋሽ ዘውገ ጋ ናት። ያውልህ፣ ምድጃ የሚሠሩት።»

ኢክራ በተደፋ ጣሳ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች። ጉንጯ በጥላሸት ተለቅልቋል። ሙናዊር ፊቷ ተንበረከከና አቀፋት፤ ሹራቧን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን ደባበሰ። ሊቆጣት ነበር፤ ሊመታትም ነበር። ሁለቱንም አልቻለም።

ጋሽ ዘውገ በርሜል የሚቆርጡበትን መሮ አስቀመጡ። «አባትየው አንተ ነህ? እንኳን መጣህ። ልጅ ልኬ ሰፈሯን ላስጠይቅ ብል እሷ ‹ካልተገኘ አልሄድም› አለችኝ። ዳይኖሰር ጠፍቶ ነው ስትለኝ የውሻዋ ስም መስሎኛል። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? አልኳት። ‹ማንም አያውቅም።› እንዴት ነው የሚጮኸው? ‹እሱንም ማንም አያውቅም።› ትልቅ ነው ትንሽ? ‹ከዚህ ቤት የሚበልጥም ዶሮ የሚያክልም አለ።› እኔ ደግሞ ሞኙ ይህንን ውሻ ስንቱን ሳስጠይቅላት ቆየሁ መሰለህ!»

ሙናዊር ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞርበት ሲል ዋጠው። ከዛሬ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ቁርጡን ሊነግራት ወሰነ።

«ኢክራ፣ ስሚኝ። ጠፉ ያልኩሽ ሞቱ ለማለት ነው። ሁሉም ሞተው አለቁ። አይገኙም።»

ኢክራ አየችው። «እኔም ጠፍቼ ነበር?»

«አዎ። ጠፍተሽብኝ ነበር።»

«ሞቼ ነበር?»

«አላህ አይበለው!» ከመዶሻው በላይ ጮኸ።

«አንተ ግን ፈለግኸኝ» አለች ኢክራ። «እነሱን ማን ፈለጋቸው?»

ሙናዊር ጉንጯ ላይ ያለውን ጥላሸት በእጁ ሊጠርግላት ሲል ስልኩ ጮኸ። የሀፍሷን ስም ሲያይ መልሶ ኪሱ ሊከተው ነበር፤ አነሳው።

«ሀፍሷ፣ ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ኢክራ ጠፍታብኝ ነበር። አሁን አጠገቤ ናት፣ ደህና ናት።» ከዚያ ማዶ የመጣውን ለቅሶና ቁጣ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ስልኩን ለኢክራ ሰጣት። ኢክራ ለእናቷ ያልተገኘውን ሁሉ ነገረቻት።

ሱቁ እንደተከፈተ ነው፤ መሄድ ነበረባቸው። ሙናዊር ጋሽ ዘውገን አመስግኖ ጉልበቱን አራገፈና ልጁን አያት።

«ከቀጥቃጮቹ ያልጠየቅሽው የትኛው ቀረ?»

ኢክራ የመጨረሻውን ረድፍ በጣቷ አሳየችው። ሙናዊር ወደ መጀመሪያው ቀጥቃጭ ሄዶ መዶሻው እስኪያርፍ ጠበቀ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ እያፈረ ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ ዳይኖሰር አይተሃል?»