ከግሪሉ ሥር ያለው ወንበር

ብርነሽ ለቡ ውስጥ ባለ አንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት የጫማ ሠራተኞች አለቃ ነበረች። ሃያ ሁለት ሴቶች ቆዳ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ሶል በማስቲሽ ያጣብቃሉ። ቦታው በፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ መስኮት የለውም። አየር የሚገባው በደረጃው በር በኩል ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የማስቲሹ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ራስ ይወቅራል።

መስከረም ላይ ናዝሬት የምትባል የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጥታ ዙሪያውን አየችና ባለቤቱን አቶ አስረስን አስጠራችው።

«መኖሪያ ቤት ቢሆን መስኮት ከፍተው ይገላገሉ ነበር» አለችው። «ይሄ ግን የሥራ ቦታ ነው፤ ያውም ከመሬት በታች። ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማሽን፣ የተበከለውን እስከ ጣሪያ የሚያወጣ ቱቦ ያስፈልገዋል። ሦስት ሳምንት ሰጥቼዎታለሁ። ካልሆነ ይታሸጋል።»

አስረስ እሺ አለ። በሦስተኛው እሑድ አንድ የላሜራ ሠራተኛ ይዞ መጣ፤ ቁልፉ ብርነሽ ዘንድ ስለሆነ እሷም ነበረች። ሰውዬው አራት ነጫጭ የአየር ማስወጫ ግሪሎች ግድግዳው ላይ በፊሸር አሰረ። ከኋላቸው ቀዳዳ የለም፤ ድፍን ኮንክሪት ነው። በአንደኛው ውስጥ ብቻ ትንሽ ሞተር ሸጎጠበት። ሲበራ እንደ ንብ ይላል።

ብርነሽ ስታይ ቆይታ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የትም አያወጣም» አለች።

«ቱቦው እስከ ስምንተኛ ፎቅ ነው የሚወጣው» አላት አስረስ። «እሱን ላሠራ ካልሽኝ ግማሾቻችሁን አሰናብታለሁ። ከማን ልጀምር?»

ብርነሽ መሬት ላይ የፈሰሰውን የኮንክሪት ብናኝ ጠራርጋ ቆልፋ ወጣች።

ሰኞ ሴቶቹ ግሪሎቹን ሲያዩ እልል አሉ። ሞተሩ ካለበት ሥር ለመቀመጥ ግፊያ ሆነ። ብርነሽ ቦታውን የምትደለድለው እሷ እንደሆነች ተናገረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወንበር መሾሚያና መሻሪያዋ ሆነ። ያስቀየመቻት ወደ ማስቲሹ በርሜል ትገፋለች፤ የታዘዘቻት ከግሪሉ ሥር ትቀመጣለች። ብዙ ጊዜ ያ ዕድል የሚደርሰው ለቆዳ ቆራጯ ለሪሐና ነበር።

የሁሉም ደረት ታሟል፤ የአረጋሽ ግን ይብሳል። ከወላይታ መጥታ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ድሮ ሥራ ላይ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር፤ አሁን ሳሉ አላስዘምር ብሏታል። መቀመጫዋ ከደረጃው በር አጠገብ ነበር።

«እትዬ ብርነሽ፣ በጌታ ስም ይዤሻለሁ፣ ከግሪሉ ሥር አስቀምጪኝ» ብላ ለመነቻት።

ብርነሽንም ደረቷን እያፈናት ሰንብቷል። የደረጃውን በር ቀና ብላ አየችው። በክፍሉ ውስጥ ነፋስ ያለው እዚያ ብቻ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እሺ» አለቻት። «አንቺ ወደዚያ ሂጂ፤ እኔ አንቺ ቦታ እቀመጣለሁ።»

አረጋሽ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ብርነሽ ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት።

በሳምንቱ የብርነሽ ደረት ተከፈተላት። አረጋሽ ከሳች፣ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ተመስገን፣ ተሽሎኛል» ትላለች።

ናዝሬት ተመልሳ መጣች። ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሞተሩ በሚጮኽበት ግሪል ላይ አስጠጋችው። አየር የሚስብ ቢሆን ሶፍቱን ይይዘው ነበር፤ ሶፍቱ ተንሳፍፎ መሬት ወደቀ።

«ቱቦው በግድግዳው ውስጥ ነው የሚሄደው፤ የመብራቱ ኃይል ወርዶ ነው» አለ አስረስ ፈጠን ብሎ።

ናዝሬት አላመነችውም። ወደ አረጋሽ ዞረች። «የኔ እናት፣ ከሥሩ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ፣ ልጄ! እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» አለች አረጋሽ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እባክሽ እንዳታስነቅይብን።»

ናዝሬት ብርነሽን አየቻት። ብርነሽም «ይሠራል» አለች። ተቆጣጣሪዋ ጥቂት አመነታችና ፈረመች።

ኅዳር ላይ አረጋሽ ሶል እያጣበቀች ወንበሯ ላይ ተዝለፈለፈች። ሐኪሙ ሳንባዋ መጎዳቱን ነግሮ እረፍት ጻፈላት። ብርነሽ ብርቱካን ይዛ ሐና ማርያም ሰፈር፣ አረጋሽ የተከራየችው ክፍል ድረስ ሄደች። ፍራሹ ላይ ያለችውን ሴት ስታይ ልቧ አልችል አለ።

«አረጋሽ፣ ግሪሉ የውሸት ነው። ከኋላው ግድግዳ ነው። ሲታሰር ቆሜ አይቻለሁ።»

አረጋሽ ከፍራሹ ቀና አለች። «ለማን ልትሰጪው ነው?»

«ምኑን?»

«ወንበሩን። ለሪሐና ነው አይደል? ድሮም እሷን ነው የምትወጃት።»

«ማርያምን! እውነቴን ነው የምነግርሽ።»

«ቆሜ ስለምንሽ ሰጠሽኝ፤ ስወድቅ ልትቀሚኝ መጣሽ። እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» ለቅሶው ሳሉን አመጣባት።

ብርነሽ ጀርባዋን ደገፈቻት። በበሩ አጠገብ ያለውን ቦታሽን ልመልስልሽ ልትላት አፏን ከፈተች። ግን ባለፉት ሳምንታት ያለ ሳል ያደረቻቸውን ሌሊቶች አሰበች።

«እሺ፣ አታልቅሺ» አለቻት። «ማንም አይቀመጥበትም።»

ሰኞ ጠዋት አረጋሽ ግድግዳ እየተደገፈች ደረጃውን ወረደች። ሪሐና ወንበሩ ላይ ነበረች፤ ብርነሽ አስነሳቻት። አረጋሽ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግሪሉ አቅንታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አቅሟ የፈቀደውን ያህል አየር ሳበች።

ጥር አጋማሽ ላይ ተቀበረች። ከቀብር መልስ ሪሐና ብርነሽን ለብቻ ጠርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከግሪሉ ሥር ያለውን ወንበር እንድትሰጣት ለመነቻት። ብርነሽም ሰጠቻት።