በሩ ላይ የተሳለው ጃኬት

ሽመክት ጅጅጋ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚያድር ሰዓሊ ነው፤ ልቡ ግን ሌላ ጋ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ባገኘው መጽሐፍ ውስጥ አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በፊት የሳሏቸው ሥዕሎች አሉ፤ ሳንቃ በር ላይ የተንጠለጠለ ባርኔጣ፣ ቁልፍ፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ። ሰው እውነት መስሎት ሊያነሳው እጁን ይሰድ ነበር አሉ። ሽመክት ዘዴውን ለቅሞ ያዘ። ዕቃው በልኩ ይሳላል፣ ጥላውም ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ተቃራኒ ይወድቃል፤ የቀረውን ዐይን ራሱ ይጨርሰዋል።

ጎረቤቱ ሂቦ ይህን ሰምታ መጣች። ባሏ ዐብዲከሪም ሹፌር ነበር፤ በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ እንደወጣ ሦስት ዓመቱ፣ ሞተም አለም የሚል የለም።

"ፊቱን አትሳልብኝ፤ ነፍስ ያለው ነገር ቤቴ ውስጥ አይሳልም" አለችው። "ጃኬቱንና ቁልፉን ብቻ፣ ይሰቅልበት በነበረው በመኝታ ቤቱ በር ላይ።"

ሳለው። የክርኑን መጨማደድ፣ የኪሱን የግራሶ እድፍ ሳይቀር። ሲጨርስ እሱ ራሱ ፈራው።

በዚያ ቤት ጃኬቱ ከተሰቀለ ሰውየው ከመንገድ ገብቶ ተኝቷል ማለት ነው፤ ሁሉም ድምፁን ይቀንሳል። በማግስቱ የዐብዲከሪም እናት እማማ ፈርሂያ በሩን ሲያዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ልጄ ገብቷል፤ ደክሞታል።"

ሥዕል ነው ቢሏቸው ወይ ፍንክች። እንዳይቀሰቅሱት ብለው ወደ በሩም አይጠጉም። ምሳ ሲቀርብ "ሲነሳ አብረን እንበላለን" ብለው ሳህኑን ገፉት። አራት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሱም።

በአምስተኛው ቀን ሂቦ ሽመክትን አስጠራችው።

"አጥፋልኝ። እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነው።"

በነጭ ቀለም ከቁልፉ ጀመረ። ከበሩ ኋላ ሰው የሚተነፍስ መሰለውና ብሩሹን አንስቶ አዳመጠ፤ ሰዓሊ የገዛ ቀለሙን ሲፈራ አያሳዝንም? የጃኬቱን የመጨረሻ እጅጌ ሲሸፍን እማማ ፈርሂያ ቀና አሉ።

"ወጣ እንዴ? ሳይሰናበተኝ?"

ሽመክት ብሩሹን አወረደ። ከሦስት ዓመት በፊትም ዐብዲከሪም የወጣው እንዲሁ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ፣ ማንንም ሳይሰናበት። ሂቦ አማቷ አጠገብ ተንበረከከች።

"ተኝተው ነበር፣ ሆዮ እናቴ። ግንባርዎን ስሞ ነው የሄደው። እናቴ ትብላ ብሏል።"

እማማ ፈርሂያ ግንባራቸውን ዳሰሱ። ከዚያም ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ሂቦ በልተው እስኪጨርሱ ከጎናቸው አልተነሳችም። ሳህኑን ካነሳች በኋላ ሽመክት መኖሩንም ረስታ ወደ ነጣው በር ተጠጋች።

"እኔንስ ለምን አልተሰናበትከኝም?" አለች።