የአልጣሽ አብሽ

አልጣሽ በአሰላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ፌጦ ከእሷ ዘንድ የገዛ ሰው ቅመሙን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ለቁርጠት ይኼን በሙቅ ውሃ፣ ለጉንፋን ያንን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ብላ ትነግረዋለች። ብዙ ጊዜም ይሻለዋል። ስለዚህ ሕክምና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፎ ከመዋል እሷን መጠየቅ የሚመርጥ ብዙ ነበር።

ያለቻት አንዲት ልጅ የውብዳር ናት፤ ለጋብቻ የደረሰች፣ ሳቂታ ልጅ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ገብስ በሚታጨድበት ወራት፣ ይህችን ልጅ የውሃ ጥም ያዛት። ጠጥታ አትረካም። ቀሚሷ ሰፋት፣ ጉንጯ ጎደጎደ። እናትየው ደም አንሷት ነው ብላ ማር በጥቁር አዝሙድ እየለወሰች ታበላት ጀመር። ጠማኝ ስትላትም፣ ባዶ ውሃ አቅም አይሰጥም እያለች ብርዝ ትበጠብጥላታለች። ልጅቱ ግን ይብስባት ነበር እንጂ አልተሻላትም። ጎረቤቶች ዓይን ነው አሉ፤ ጠበልም ተሞከረ። በመጨረሻ ቆማ መሄድ ሲያቅታት ደግፈው ሕክምና ጣቢያ ወሰዷት።

የጣቢያው ድሬሰር ወልደ ሚካኤል ሽንቷን ከአንድ ሰማያዊ መድኃኒት ጋር ቢያፈላው እንደ ሸክላ ቀላ። ምን ስትበላ እንደ ሰነበተች ጠየቀ። አልጣሽ ማሩንም ብርዙንም አንድ በአንድ ነገረችው፤ የሚያመሰግናት መስሏት ነበር።

«የስኳር በሽታ ነው እትዬ አልጣሽ» አላት። «ማር ከእንግዲህ እንዳያስነኳት። መድኃኒቱ እኔ ዘንድ የለም። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልሄደች አትተርፍም።»

እህል ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሰው ሾፌር ጅብሪል ጋቢናው ውስጥ አስገባቸው። አልጣሽ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ በናዝሬት በኩል ተጓዘች። ልጄን በገዛ እጄ፣ በማንኪያ፣ እያባበልኩ ነው የጎዳኋት የሚለው ሐሳብ አልለቅ አላት።

የውብዳር አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነፍስ ዘራች። ሐኪሞቹ በየዕለቱ መርፌ እንደሚያስፈልጋት፣ ያም ዕድሜ ልክ እንደሆነ ነገሯቸው። አሰላ ሲመለሱ ወልደ ሚካኤል መርፌውን ቀቅሎ መውጋትን ለእናትየው አስተማራት። ጅብሪልም መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ እያመጣ ሊሰጣቸው ቃል ገባ።

አልጣሽ ግን በመርፌው ብቻ ልቧ አላረፈም። በእጇ ያጠፋችውን በእጇ መካስ ፈለገች። ከሲሬ ቅመም የምታመጣላት ነጋዴ ጠይባ፣ አብሽ ስኳርን ያደርቃል ሲሉ ሰምቻለሁ አለቻት። ከዚያ ወዲህ አልጣሽ አብሽ ዘፍዝፋ፣ አረፋ እስኪያወጣ መትታ፣ ቁርስ ሳይቀድም ታጠጣታለች። እንጀራውን ቀንሳ የገብስ ቂጣና ጎመን ታበላታለች። ወልደ ሚካኤልም ነገሩን አልተቃወመም። ገብሱ ጥሩ ነው፣ አብሹም ይረዳታል፣ መርፌው ብቻ እንዳይቀር አላት።

ለፋሲካ የውብዳር ሥጋዋ ተመልሶ፣ ፊቷ ወዝ አውጥቶ ገበያ ወጣች። ሰው ሁሉ በምን ዳነች ብሎ ጠየቀ። አልጣሽ በአብሽ አለች። ስለ መርፌው አላነሳችም። መጀመሪያ፣ በሽተኛ ናት ተብላ ልጄ ባል እንዳታጣ ብላ ነበር፤ እየቆየ ግን የምትናገረውን እሷም አመነችው። ወሬው ሩቅ እስካሉት አርቦዬና ጮሌ ደረሰ።

የውብዳር መርፌውን ትጠላው ነበር። ጭኗ ደድሮ ያማታል። አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ዛሬን ይቅርብኝ» ብላ ለመነቻት። እናትየው አንጀቷ አልችል አለና ተወችላት። ልጅቱ ምንም ሳትሆን ዋለች። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያም ልጅቱ ስትደክም ብቻ እናትየው መውጋት ጀመረች፤ አብሹን ግን አበዛችው። ወልደ ሚካኤል መንገድ ላይ አግኝቷት ቢጠይቃት እየወጋኋት ነው አለችው። ሰኔ ሲገባ ጅብሪል መጥቶ መንገዱ ሳይበላሽ መድኃኒት ላምጣ ወይ ቢላት፣ ያለው ይበቃናል ብላ መለሰችው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ በረታ። ዴራ ላይ መኪና ጭቃ ዋጠው ተባለ፤ የናዝሬት መንገድ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን የውብዳር የበላችውን ያስመልሳት ጀመር። ጥሙም ተመለሰ። አልጣሽ በድንጋጤ በመድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ሁሉ ወጋቻት፤ ከዚያ በኋላ የሚወጋ አልነበረም። ልጅቱ እንደ ሯጭ በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል።

ወልደ ሚካኤል በዝናብ መጣ። ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አሸተተና ባዶውን ብልቃጥ አንስቶ አየው። ምንም አልተቆጣም። ያለውን ሞከረ፤ ጨውና ውሃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት አስጎነጫት፤ ሆዷ ውስጥ ግን አልረጋ አለ።

አልጣሽ ምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጠች «አብሹ ውሸት ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ውሸት አልነበረም እትዬ። ረድቷታል። መርፌውን ግን አይተካም።»

 የውብዳር በማግስቱ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ዐረፈች። ጭቃውን እያቋረጡ ወስደው ቀበሯት።

መስከረም ሲጠባ አልጣሽ ገበያ ተመለሰች፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቅመም ትመዝናለች እንጂ ለማንም መላ አትናገርም።

አንድ ቀን ኢፍቱ የምትባል ሴት ከጮሌ መጣች። ባሏ ሁሴኖ ውሃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ሥጋው ያለቀ ሰው ሆኗል። ልጇን በአብሽ አዳነች ሲሉ ሰምታ በበቅሎ ይዛው መጥታለች። የልጅቱን መዳን እንጂ መሞቷን ጮሌ ውስጥ የነገራት አልነበረም።

«ልጄ ሞታለች» አለቻት አልጣሽ። «አብሹ ቤቴ ሞልቶ ሳለ ነው የሞተችው። ባልሽን አዲስ አበባ ውሰጂው እህቴ።»

ኢፍቱ አላመነቻትም። «አዴ፣ እትዬ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ ያስጨከነዎት» አለቻትና ቅመም ይዛ ገበያ ወደ ነበረችው ወደ ጠይባ ሄደች። ጠይባም አብሹን ሸጠችላት።

አልጣሽ ተነሥታ በቅሎዋ ወደ ታሰረችበት ሄደች። ሁሴኖ ግንብ ተደግፎ ከቅል ውሃ ይጠጣ ነበር። እሱንም ለመነችው፤ ስለ ማሩ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ባዶው ብልቃጥ፣ ለገበያ ሰው ተናግራ የማታውቀውን ሁሉ ነገረችው። እሱ በትሕትና ሰማት። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ እዚያ የማውቀው ሰው የለም፣ ገብሴም ደርሷል አላት። ሚስቱ አብሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣችና በቅሎዋ ላይ ደግፋ አወጣችው። አልጣሽ እስከ ከተማው ዳር ድረስ እየለመነች ተከተለቻቸው። እዚያ ቆመች፤ እነሱም ወደ ኋላ አላዩም።