የእናት ወንድም በሁለት ቋንቋ

ወንድሜ ኒያቱ በልጄ ሠርግ ላይ እንደማይገኝ የነገረኝ በስልክ ነው። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። በእኛ በህሞንጎች ዘንድ የእናት ወንድም ያልተቀመጠበት የሠርግ ማዕድ አይከፈትም። የሙሽራው ሽማግሌዎች በልማዳችን ለሠርግ ድርድር የሚያዘውን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቢመጡ ማን ያነጋግራቸዋል? ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ለልጄ ለጋውሊ ከኒያቱ የሚቀርብ ሰው የለኝም።

ሙሽራው ሬልያ ሰርብ ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን አጥፍቷል። በአዲስ ዓመታችን በዓል ላይ የባሌን ወንድሞች አንድ በአንድ ጨብጦ ሲያበቃ፣ ኒያቱን ግን ሊሄድ ሲል በር ላይ ኮቱን እየለበሰ ነው የጨበጠው። ሁሉንም ደግሞ በእንግሊዝኛ “አጎቴ” አላቸው።

“ለሱ፣ የቆመ ወንድ ሁሉ አጎት ነው” አለኝ ኒያቱ። “ነዳጅ የሚቀዳለትንም አጎቴ ሳይለው አይቀርም። ከባልሽ ወንድሞች አንዱን አስቀምጪ።”

ለጋውሊ ስነግራት አልተቆጣችም። ካስቸገረሽ ተይው እማ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ፣ ልጄ ማንም ሳይመርቃት ስትወጣ እየታየኝ አደርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት እንደወትሮው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለአዋቂዎች ማንበብና መጻፍ ያስተምራሉ። እኔ ታይላንድ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ስለተወለድኩና ታናናሾቼን ስለማሳድግ ፊደል አልቆጠርኩም። አጠገቤ የሚቀመጡት እማማ ስታሜንካ የሬልያ የእናቱ እናት ናቸው። በአገራቸው ፊደል አራተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ የእንግሊዝኛው ግን ያስቸግራቸዋል። ልጆቹም የተዋወቁት እኛን ሊወስዱ መጥተው ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ ነው።

የዚያን ቀን መምህራችን የቤተሰብ ሥዕል ያለበት ወረቀት አደለችን። ከእያንዳንዱ ሰው ሥር የእንግሊዝኛ መጠሪያውን መጻፍ ነበረብን። የአባት ወንድም፣ አጎት። የእናት ወንድም፣ አጎት። የአክስት ባል፣ እሱም አጎት። እማማ ስታሜንካ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

“እዚህ አገር ቃል አለቀ እንዴ?” አሉ።

በእሳቸው ቋንቋ የአባት ወንድም ስትሪጽ ነው፣ የእናት ወንድም ኡያክ ነው፣ የአክስት ባል ደግሞ የራሱ ስም አለው። እኔም የእኛን ነገርኳቸው። የአባት ታላቅ ወንድም ሌላ፣ ታናሹ ሌላ፣ የእናት ወንድም ደግሞ ዳላው ነው። እሳቸው አንድ ሲጠሩ እኔ አንድ እያመጣሁ ሰዓቱ አለቀ።

በሌላ ነገር ቋንቋዎቻችን በፍጹም አይገናኙም። የእሳቸው ቃላት አፍ የሚከፈትበት ቦታ የላቸውም። ጣት ለማለት “ፕርስት” ይላሉ፤ እኔ ስሞክረው ወረቀቴ ላይ ምራቄን ረጨሁ። ስሜን እንኳ ሲጠሩኝ፣ ሲያሙኝና ዕቃ ሲሰጡኝ ጭራውን ይቀያይሩታል። የእኛ ቃል አጭር ነው፤ ጭራም የለው። ነገር ግን ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ስታደርጊው ሌላ ነገር ይሆናል። እማማ ስታሜንካ ከልጄ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምተው፣ ዶሮ ጠፍቶሽ ከኮረብታ ላይ የምትጣሪ ትመስያለሽ ብለውኛል። እኔም እርስዎ ለውዝ ከነቅርፊቱ የሚያኝኩ ይመስላሉ ብያቸዋለሁ።

ያን ቀን ግን ቀልዱ አልመጣልኝም። የእናት ወንድም የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ እነሱም ዘንድ ሠርገኛውን የሚመራው የሙሽራው የእናቱ ወንድም እንደሆነ፣ እሱ ሳይቀመጥ ዳቦ እንደማይቆረስ ነገሩኝ። ሬልያ በእንግሊዝኛ ስላሰበ ነው እንጂ በእናቱ ቋንቋ ቢያስብ ኖሮ ወንድምሽን እንዲህ አያልፈውም ነበር አሉ።

“በይ የወንድምሽን ቤት ጻፊልኝ” አሉኝ ቀጥለው።

ለሰው አድራሻ ጽፌ አላውቅም። የማላውቀው ሰው በር ላይ እንዳልልካቸው ፈርቼ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አየሁት። በማግስቱ በሰርቦች አዳራሽ ዓርብ ዓርብ በሚዘጋጀው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ እማማ ስታሜንካ ሬልያን ከጎኔ አስቀምጠው “አስተምሪው” አሉኝ። ልጁ ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳላው፣ ዳላው ሲል ዋለ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንድሜ ደጁ ላይ በረዶ ሲዝቅ ደረስን። የእማማ ስታሜንካ ልጅ ቪቶሚር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በልማዳቸው ለሠርግ የሚጠሩበትን፣ ቀይ ሪባን የታሰረበት የእንጨት ኮዳ በእጁ ይዟል። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ቁመቱ በር የሚሞላ። ኒያቱ አካፋውን አላስቀመጠም።

“እኔ የልጁ የእናቱ ወንድም ነኝ” አለው ቪቶሚር። “አንተ የልጅቷ የእናቷ ወንድም ነህ። አንተን መጥራት የኔ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው አልተውኩትም።”

ሬልያ በረዶው ላይ በሁለት ጉልበቱ ወደቀና እንደ እኛ ልማድ ሁለት ጊዜ ሰገደ። “ዳላው፣ ይቅር በለኝ” አለ።

ወንድሜ አካፋውን በረዶው ላይ ተከለው።

“ስትጠራኝ ፈረስ የጠፋብህ ትመስላለህ” አለው በመጨረሻ። “ተነሣ፣ ሱሪህ ራሰ። ውስጥ ሞቅ ሲልህ ትደግመዋለህ።”

ቤት ገብተን ቪቶሚር የፕሪም አረቄውን ከኮዳው ሊያቀምሰው ሲል ኒያቱ መለኪያ አመጣ። በእኛ ዘንድ መጠጥ ጥንድ ነው፣ አንድ ብቻ አይጠጣም አለ። ቪቶሚርም በእኛ ሦስት ነው አለ። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ ነገሩ ሊበላሽ መሰለኝና ተነሣሁ። እማማ ስታሜንካ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

“ስድስት አድርጉትና ለሁለታችሁም ይሆናል” አሉ።

አራተኛው መለኪያ ላይ ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ጃንጥላውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህን የሚጠይቅ ማዕዱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ጓዳ ገባሁና ለጋውሊ ደወልኩላት። ማዘጋጃ ቤቱን እርሺው አልኳት። አለቀሰች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እማማ ስታሜንካን ማመስገን ፈልጌ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ አነሰብኝ። በእኔ ቋንቋ ነገርኳቸው፤ ከዚያም ካስተማሩኝ ከእሳቸው ቃላት አንዱን ጨመርኩ። በሁለቱም አነሰብኝ። እሳቸው ግን ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ከዚያ ከሚያቃጥለው በርበሬሽ አንድ ብልቃጥ እንዳትረሺ አሉኝ።

ሦስት ብልቃጥ ይዤላቸው ሄድኩ። በወረቀቱ ላይ ባዶ በቀረው የእናት ወንድም መስመር ላይም ዳላው ብዬ ጻፍኩ፤ እሳቸውም ከጎኑ በአገራቸው ፊደል ኡያክ ብለው ጻፉ።