ጉሬዛን የመታሁ ቀን

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት በሬዎቼን ነዳብኝ፣ ጎተራዬን አቃጠለብኝ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ያው ጣልያን ግንበኛ ይፈልጋል ተብሎ ከአገሬ ከይጁቤ ተጠራሁ። እምቢ ቢሉ የሚበላ የለ፤ እሺ ቢሉ ስም ይጠፋል። እኔ ቢያዝን የተባልኩት ሰው እሺ ብዬ ስሜን አጠፋሁ። ሚስቴን ሸጊቱን፣ ታናሽ ወንድሟን ደርቤንና ሁለት አዳኝ ውሾቼን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ።

ሸጊቱ መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ሄደች። "ሰው ድስቱን ትቶ ውሻ ይዞ ይሰደዳል?"

"ድስት ከተማም አለ፤ እንዲህ ያለ ውሻ ግን የለም" አልኳት።

እውነቴን ነበር። አንደኛው ውሻዬ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሚዳቋ ሲይዝ ይዞ ያቆያል እንጂ አይዘነጥልም። ቢላዋዬን መዝዤ፣ በስመ አብ ብዬ እስካርድ ድረስ ይጠብቀኛል። ሳይታረድ የሞተ ሥጋ በክት ነውና እንዲህ ያለ ውሻ ያለው ሰው ድሃ አይባልም። እናቱ ዳማም እንደሱ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ ገና ከተማ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ካሚዮን ደፈጠጣት። ሾፌሩ ወርዶ ያየው ጎማውን ነው።

በከተማ ኑሮ የሚያናድደው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የባሰው የበዓሉ ነገር ነው። በአገራችን በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም። ስለዚህ ሚካኤልም ሲሆን፣ ማርያምም ስትሆን አስቀድሰን ስናበቃ ውሻችንን አስከትለን ገደል እንወርዳለን። የነፍስ አባቴ አንድ ጊዜ ሊቆጡኝ ጀምረው ነበር። "አባ፣ መሬት አትረስ ተባለ እንጂ ሚዳቋ አትያዝ ተብሏል?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡበት፤ ብልቱን ስልክላቸው ነገሩን ጨርሰው ረሱት። ጣልያን ግን ሚካኤልን አያውቅ፣ ማርያምን አያውቅ! ሥራ የሚፈታው እሑድ ብቻ ነው። በሰንበት ደግሞ እኔ ደም አላፈስም። ታዲያ ክርስቲያን የሆነ ሰው መቼ አደን ይውጣ?

ሌላ መላ ስላጣሁ መታመም ጀመርኩ። ወር በገባ በአሥራ ሁለትና በሃያ አንድ ትኩሳት ይነሳብኛል።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ወባ እኮ ቀን መቁጠር ያውቃል" ይለኛል ደርቤ።

ይህ ልጅ ያበግነኛል። ግንቡ ላይ ድንጋይ የሚያቀብለኝ እሱ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱን ይጥላል። ምሳውን እየቆረሰ ለጉሬዛ ይሰጣል። አዳኝ ውሻ እንዲህ ከተሞላቀቀ አይሮጥም ብል የሚሰማኝ የለም። ጭራሽ የጋቢውን ጫፍ ለውሻው መኝታ አደረገው።

በአንድ ማርያም ቀን ድኩላ ተሸክሜ፣ ደሙ በጀርባዬ እየወረደ ከጨሞጋ ወንዝ ገደል ስወጣ የግንቡን ሥራ የሚያዘው ካፒቴን በበቅሎ መንገዱን ይዞ መጣ። ከጎኑ አስተርጓሚው አስማማው አለ።

"በሽተኛው ይህ ነው ወይ? ይልሃል" አለኝ አስማማው።

ሌላው ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፤ እኔ ስፈራ እፎክራለሁ። "ጌታዬ፣ ይህ ውሻ ተራ ውሻ አይደለም!" አልኩ። "የትናንት ኮቴ ይለያል! የሰው ልብስ ቢያሸቱት ባለ ልብሱን ከጨሞጋ ማዶም ቢሆን ሄዶ ያገኘዋል!"

አስማማው ሌላ ጊዜ የተናገርነውን ግማሹን የሚውጥ ሰው ነው። ያን ቀን አንዲት ቃል አላስቀረም። ካፒቴኑ ሳቀ፤ የጉሬዛን ራስ ዳበሰና የድኩላውን አንድ እግር አስይዞ ሄደ። እኔም በምላሴ የዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ደርቤ የአንድ ዘበኛ ጠመንጃ ነጥቆ ጠፋ። ድንጋይ መያዝ የማይችል እጅ ጠመንጃ ሲሆን አልጣለም! ምነው ቢነግረኝ? ምነው ሌላ ከተማ ሄዶ ቢሰርቅ? በማግስቱ ጧት ካፒቴኑ ከወታደሮቹ ጋር ደጃፌ ቆመ።

"የደርቤን ጋቢ አምጣ፣ ውሻህንም ፍታ" አለኝ አስማማው፤ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። "እምቢ ካልክ ግብረ አበሩ ነህ፤ ከእሱ ቀድመህ ትሰቀላለህ።"

ሸጊቱ ጋቢውን ስታቀብለኝ ከጆሮዬ ስር "ወንድሜ በውሻህ ከተያዘ ከእንግዲህ ካንተ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም" አለችኝ። እምቢ ብል ገመድ ነው፤ ብሄድ የሚስቴን ወንድም ላስገድል ነው። በልቤ ጉሬዛን "ዛሬ እንኳ ስነፍ" እያልኩ ለመንኩት።

መቼ ሊሰንፍ! ጋቢውን ማሽተትም አላስፈለገው። ፈልግ ስለው በደስታ ጅራቱን እየቆላ ቁልቁል ወደ ጨሞጋ ወረደ። እኔ ከኋላው ሮጥኩ፤ ካፒቴኑ በቡትስ ጫማው ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ይከተለኛል፤ አስማማውና ወታደሮቹ ከእሱ ኋላ ናቸው። ጉሬዛ ገደሉ ሥር አንድ ቁጥቋጦ ፊት ሲደርስ ቆመ። ጃስ ካላልኩት እንዳይጮህ አስተምሬዋለሁ፤ አልጮኸም። ዞሮ እኔን አየኝ። ከቅጠሉ ሥር የደርቤ ተረከዝ ይታያል። ይህ ሞኝ መደበቅ እንኳ አያውቅበትም!

ካፒቴኑ ሃያ እርምጃ ያህል ነበር የቀረው። ዱላዬን አንስቼ ጉሬዛን ጎኑ ላይ መታሁት።

"ጃርት! አሁንም ጃርት! ሰው ፈልግ ሲሉህ የጃርት ጉድጓድ!" እያልኩ ጮኽኩ።

ሥጋ ሰርቆ ቀጥቼው አውቃለሁ፤ የተላከበትን በማግኘቱ ግን አንድም ቀን መትቼው አላውቅም። ጮኸና ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ፊቴን አየ፤ ነገሩ ያልገባኝ መስሎት ተመልሶ እዚያው ቁጥቋጦ ፊት ቆመ።

ሁለተኛውን ባለኝ ጉልበት አሳረፍኩበት። ጎኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። በሆዱ ተለጥፎ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቁጥቋጦው አልዞረም።

ካፒቴኑ እያለከለከ ደረሰ። ቁጥቋጦውን አላየም፤ ያየው ውሻውን ነው።

"ከጨሞጋ ማዶ ሰው የሚያገኘው ይህ ነው ወይ? ይልሃል" አለ አስማማው።

"ዋሽቼ ነው ጌታዬ። ይህ ውሻ ለምንም አይሆንም፤ ድሮም ከንቱ ነው" አልኩ። ጉሬዛ እግሬ ሥር ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ለውሸቴ ግንቡ ፊት አሥር ጅራፍ ተገረፍኩ፤ ቁስሉ በሳምንት ደረቀ። ደርቤ በረሃ ገብቶ ከአርበኞች መቀላቀሉን በሰው ላከልን፤ እሰየው፣ እግዜር ይጠብቀው። ሸጊቱ ያን ሁሉ ዓመት በውሻ ስትጨቀጭቀኝ የኖረች ሴት ከወጡ መልካም መልካሙን ለጉሬዛ ታወጣለት ጀመር። ጎኑም ዳነ። አደን ግን አልሆነም። ስጠራው ይመጣል፣ ገደል ስወርድ ይከተለኛል፤ ሚዳቋ ከፊታችን ስትነሳ ግን ቁጭ ይልና እጄን ያያል። ዱላውን ቤት ትቼ ወጣሁ፤ ባዶ እጄንም ያው ያየዋል። ተናደድኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩት። በመጨረሻ እዚያው ገደል ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል። ያኛው ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለውሻ ማንን ልላክ? የቱ ሽማግሌ ነው በእኔና በጉሬዛ መካከል የሚቀመጠው?

አንድ ቀን ሸጊቱ ውሃ ወርዳ ሳለች ጉሬዛን ደጃፉ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ያበደ የሚለኝ ካለ ይበል፤ ልቤ አልችል አለ። "ጉሬዛ፣ እኔ ነኝ የበደልኩህ" አልኩት። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አየሁ፤ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ልንበረከክለት ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ቀና ስል ጉሬዛ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከትቶ፣ እየጮኸ፣ አጥሩን ዘሎ እየሮጠ ነበር።