ቀስቷ ስታብጥ

«ቀስ በል እንጂ፣ ገመዱን በጉልበት አትጎትተው!» አሉ እናቱ ከበሩ ላይ ሆነው።

ልጁ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የአባቱን ኮምፒውተር ሊነቅል ነው። አባቱ መስኮቱ አጠገብ ጭናቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ከሥሩ ደብቀው ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን የቤት ንድፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በደህናው ጊዜ ያለ ማስመሪያ ሲያሰምሩ ያየ ሰው እጁን አፉ ላይ ይጭን ነበር። ጡረታ ሲወጡም ከእርሳስ ወደ ማውዝ ተሻገሩ እንጂ ሥራውን አልተዉም። ከዓመት ወዲህ ግን ኮምፒውተሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። ለምን ሲባሉ መልሳቸው «ሰለቸኝ» ነው። ዛሬ ደግሞ «ውሰድና ለሚጠቀምበት ስጥልኝ» ብለው ልጃቸውን አስጠሩት።

«ውስጡ ያለውን ሳልገለብጥልህማ አልነቅለውም» አለ ልጁ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣ።

«ምን አለው ብለህ ነው? ዝም ብለህ ውሰደው።»

እሱ ግን ከፈተው። መቼም የገዛ እጁን ሥራ ማየት ደስ የማይለው የለም። ቀን ቀን አንድ ድርጅት ውስጥ የደመወዝ ፕሮግራም ሲጠጋግን ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው፣ በየአገሩ ካሉ ሰዎች ጋር ሆኖ ሊኑክስ የተባለውን በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ፕሮግራም ያሻሽላል። ሰባራ ሳንቲም አያገኝበትም። ከጨመረው ሁሉ እጅግ የተወደደለት አንድ ነገር ነው። ማውዙን ተከትላ የምትሄደው ጠቋሚ ቀስት ስክሪኑ ላይ ስትጠፋ ማውዙን ነቅነቅ ሲያደርጉት እንደ ዱባ ታብጥና «አለሁ» ትላለች። ይህቺ ነገር የወጣች ሰሞን የጎረፈለት ምስጋና! እናቱማ ምን እንደሆነች በቅጡ ሳይገባቸው ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። እሱም መጀመሪያ የጫናት እዚሁ፣ አባቱ ኮምፒውተር ላይ ነበር።

ፋይሎቹን ሲያገላብጥ ያላለቀ ንድፍ አገኘ። የእህቱ ቤት ነው። ሳሎኑ አልቋል፣ መኝታ ቤቱ አልቋል፣ የወጥ ቤቱ አንድ ግድግዳ ብቻ ይቀራል። እህቱ ስትጠብቅ ከርማ፣ «አባዬ ቃሉን በላ» ብላ አኩርፋ፣ በመጨረሻ በሌላ ሰው ንድፍ ነው ቤቷን ያሠራችው። እስካሁንም ቂሙ አልለቀቃትም።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ሠርተህ አንድ ግድግዳ አቃተህ?» አለ እየሳቀ። «ና፣ ለትዝታ ያህል ጨርሳት።»

«ተወኝ ባክህ።»

«አንድ መስመር ናት እኮ! በሞቴ!»

አባቱ በሞቴ ከተባሉ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ወንበራቸውን ሳቡና ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ልጁ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃል፤ ስለሚደብቁበት ግን ይህን ያህል መባሱን አላየም ነበር። ማውዙን እንደያዙ ቀስቷ አበጠች። ትንሽ ሟሸሸችና ወዲያው ደግማ አበጠች። ወጥ ቤቱን እንዳለ ሸፈነችው።

«አየህ?» አሉ አባቱ። «እንዲህ ነው የምታደርገኝ።»

ልጁ ክው አለ። ቀስት ፍለጋ የሚነቀነቅን እጅ ከታመመ እጅ የምትለይበት ብልሃት አላበጀላትም። ሲሞክሯት እሱም ባልደረቦቹም ማውዙን እያወቁ ነበር የነቀነቁት። ሳይፈልግ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። እዚህ ቤት ግን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጫንክልኝ ጀምሮ።»

«ታዲያ አንድ ቃል አትነግረኝም፣ አባዬ? ማጥፋት ይቻል ነበር እኮ!»

አባቱ መስኮት መስኮቱን አዩ። «ማን ምን ብሎ እንዳመሰገነህ እዚህ ቆመህ ስታነብልኝ ፊትህ እንደ ሕፃን ልጅ በርቶ ነበር። ልጄ የሠራውን አገር ምድሩ ወደደለት፤ እኔ ልነሳና አስቸገረኝ ልበል?»

«ለእህቴስ? ስንት ጊዜ አኮረፈችህ!»

«ለሷ ብነግራት ላንተ ትነግርህ የለ?»

«ወይኔ!» አሉ እናቱ ከበሩ ላይ። «ለጎረቤት ሁሉ እያወራሁ ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኛ! አፌን በቆረጠው!»

ልጁ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ያቺን ነገር አጠፋት። «በል አሁን ሞክር፣ አባዬ።»

ሞከሩ። ቀስቷ አላበጠችም። እጃቸው ግን ከማዕዘኑ ላይ ዘለለችና ግድግዳው ተንጋድዶ መኝታ ቤቱ ውስጥ ገባ። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ነው። ያኔ ነግረውት ቢያጠፋላቸው ኖሮ ይጨርሱት ነበር፤ አሁን በሽታው ቀደማቸው። ይህን ሦስቱም አወቁት። ልጁ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

«አይዞህ» አሉ አባቱ። «ሆን ብለህ አይደለም።»

እንባውን ጠርጎ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ለባልደረቦቹ ጻፈ፤ ቀስቷን የምታሳብጠው ነገር የፈለገ ሰው ራሱ ካልከፈታት በቀር ተዘግታ ትምጣ አለ። የቡድኑ አራሚ ወዲያው መለሰለት፦ «ሰው ሁሉ የወደደውን? ምን ነካህ? ምክንያቱን ጻፍ።»

ጣቶቹ ቆሙ። አባቱ ይህን እጃቸውን ከጎረቤት፣ ከገዛ ልጃቸው ሳይቀር ደብቀው የኖሩ ሰው ናቸው። የሚጽፈውን ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።

«‹አንዳንድ ሰዎች እጃቸውን ስለሚያማቸው› ብዬ ልለፈው?» አለ።

አባቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «አንዳንድ ሰዎች እነማን ናቸው? የኔ እጅ ነው እንጂ! የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል በላቸው። ቤት ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው በል።»

እንዳሉት ጻፈና ላከው። ከዚያ ወደ ንድፉ ተመልሶ የተንጋደደውን ግድግዳ ሊያጠፋ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት።

«አታጥፋው። እንዳለ ለእህትህ ላክላት።»

«እንዲህ ሆኖ? ቀጥ ላድርግልህ እንጂ። ለኔ የደቂቃ ሥራ ናት።»

«ቀጥ ካለማ ያንተ ነው። እንዳለ ላክላት፣ ትየው።»

ልጁ ግድግዳውን እንደተንጋደደ ላከላት። አባቱ እጃቸውን ወደ ብርድ ልብሱ አልመለሱም። ጠረጴዛው ላይ እንደተንቀጠቀጠች ትተዋት፣ የሴት ልጃቸውን መልስ ይጠብቁ ጀመር።