ጎታ ውስጥ የገባችው ሳጥን

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠው መንደር እንደ አቶ ላቀው ያለ ተጠራጣሪ አልተፈጠረም። በግ ሲገዛ የበጉን ጥርስ አይቶ አይበቃውም፤ የሻጩንም ያያል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለእሱ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው፤ ሳይደግመው አይውልም።

እንዲህ ያለ ሰው ልጁን ሕሊናን ቢጠረጥር ምን ይገርማል? ሕሊና የአየር ኃይል መሐንዲስ ናት፤ ማዕረጓ ሻምበል። ደብረ ዘይት ተቀምጣ የአውሮፕላን ሞተር ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣ ይበር አይበር ብላ ትፈርማለች። ላቀው ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ከአፏ ያገኘው ይህችኑ ብቻ ነው፦

«ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

«አውሮፕላን እጠግናለሁ አባባ።»

«ከጠገንሽው ወዲያስ ወዴት ይሄዳል?»

«እሱን አብራሪውን ይጠይቁት» ትልና ትስቃለች።

ሳቋ አይጥመውም። ነገር የያዘ ሰው ነው እንዲህ የሚስቅ፣ ይላል በሆዱ።

ዘንድሮ ለዓመት ፈቃዷ መጣች። ከእናቷ ከወይዘሮ ዘቢደር ጋር ደባርቅ ገበያ በወረደችበት ቀን፣ የጎረቤታቸው የአቶ ገዱ ገብስ መሀል አንዲት ነጭ ሳጥን ከሰማይ ወደቀች። ከድፎ ዳቦ አትበልጥም፤ ቀጭን የሽቦ ጭራ አላት፣ የተቀደደ ላስቲክ ትጎትታለች። ጊዜው ደግሞ ሰው ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ጥሎ ዛፍ ሥር የሚገባበት ነው። ግማሹ «ካሜራ ናት» አለ፣ ግማሹ «ፈንጂ ናት» አለ። ገዱ እንደ ጫጩት እንቅብ ደፋባትና ድንጋይ ጫነባት።

ላቀው ከሰው ተነጥሎ ወደ ቤቱ ገባ። የልጁን ቦርሳ ከፈተ። ነጭ ሽቦ፣ ትንሽ መፍቻ፣ የፈረንጅ መጽሐፍ። በቃው! ሳጥኗ የእሷ ናት። እኛን ልታይባት አምጥታ አመለጠቻት። አገሬው ካወቀ ይጠላታል፤ አለቆቿ ከሰሙ ማዕረጓን ይገፏታል። ልጁን ጠረጠራት፣ ልጁንም ይወዳታል፤ ሁለቱም ባንድ ሆድ ውስጥ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ሄዶ ሳጥኗን አንስቶ ጎታው ውስጥ ገብስ አለበሳት።

እንቅቡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ መንደሩ ታመሰ። «ባለቤቱ መጥቶ ዕቃዬን ቢለን ምን እንመልሳለን? አገር ይጠፋል!» አለ ገዱ። ዓይን ሁሉ ወደ ሕሊና ዞረ። የሰማይን ዕቃ ከሰማይ ሠራተኛ ሌላ ማን ያነሳዋል?

ሕሊና ሹክሹክታውን ሰማች። በመሸሽ ፈንታ ገዱ ደጅ ሄዳ ቆመች።

«እኛ ዘንድ አንድ መፍቻ ከጠፋ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ መፍቻው እስኪገኝም ማንም ቤቱ አይገባም። እዚህም እንደዚያ ይደረግ።»

«ይኸማ አውጫጭኝ ነው!» አለ ገዱ ተገርሞ። «ያባቶቻችንን ነገር እናንተም ትሠሩበታላችሁ?»

አውጫጭኙ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ጽዱ ሥር ተጠራ። መሪጌታ ተክለ ማርያም መስቀል ይዘው ተቀመጡ። ሕጉ የታወቀ ነው፦ እያንዳንዱ መስቀሉን ይዞ ያየውን ወይም የጠረጠረውን ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ የሚነሳ የለም። ላቀው ይህን ሰማ። ልጄ ይህን ያመጣችው እኔን ለመያዝ ይሆን? ብሎ ደግሞ ይህንንም ጠረጠረ።

ሕሊና መጀመሪያ ማለች። «አልወሰድኩም። እንደምትነግሩኝ ከሆነ በፊኛ የምትወጣ፣ ንፋስና ርጥበት የምትለካ፣ ፊኛው ሲፈነዳ የምትወድቅ ዕቃ ትመስለኛለች። ሰው የምታይ አይደለችም። ግን በዓይኔ ሳላያት አልምልባትም፤ የምፈልጋትም ለዚሁ ነው።»

«ካላየሻት በምን አወቅሻት?» አለ ገዱ።

ከዚያ በኋላ የማለ ሁሉ፣ እያፈረም ቢሆን፣ «የጠረጠርኩት የላቀውን ልጅ ነው» ይል ጀመር። ሕሊና ቀጥ ብላ ቆማ ትሰማለች። ላቀው ተራው ደረሰ። በሐሰት ቢምል ጊዮርጊስ አለ። እውነቱን ቢናገር ልጁ ልቡን ታየዋለች። ዝም ቢል ሌብነቱን እሷ ተሸክማው ትሄዳለች። መስቀሉን ያዘ።

«እኔ ነኝ። ጎታዬ ውስጥ ናት።»

«ምነው አቶ ላቀው?» አሉ መሪጌታ። «ምን ሊበጅዎ?»

«የእሷ መስላኝ ነው አባቴ። ቦርሳዋን ብፈትሽ እንዲያው ሽቦ አገኘሁ…»

«የስልኬ ቻርጀር ነው» አለች ሕሊና ቀስ ብላ።

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሳጥኗ ገብሷ ተራግፎላት መጣች። ሕሊና በዚያችው ትንሽ መፍቻ ፈታቻት፤ ባትሪዋን፣ መለኪያዋን አሳየች። የአየር ጠባይ መለኪያ መሆኗ ጎኗ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ነበርና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጮክ ብሎ አነበበው። በወደቀችበት ዕለት ለሕሊና ቢያሳዩዋት ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ሽማግሌዎቹ ላቀውን በግ ሊቀጡት ሲመካከሩ ግን ሕሊና እጇን አነሳች።

«ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ሰው እኛ ዘንድ አይቀጣም። እሱ ከተቀጣ ነገ ሌላው ዝም ይላል፤ ያ ዝም ሲል አውሮፕላን ይወድቃል።»

ነገሯ ገባቸው፤ ተውት። ላቀውም ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው። ወደ ቤት ሲሄዱ ግን ልጁ ዞር ብላም ሳታየው ከፊት ከፊት ሄደች።

«ምነው፣ ምራኝ የለም እንዴ?» አለ ለሚስቱ።

«የማረችህ ሻምበሏ ናት» አለች ዘቢደር። «ልጅህን መች ይቅርታ ጠየቅሃት?»

ላቀው ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ስትሄድ እላታለሁ እያለ ቀኖቹን አሳለፋቸው። ዳባት መናኸሪያ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቃሉን ሲያላምጥ፣ አውቶቡሱ መጣ። ሕሊና ቦርሳዋን አነሳች፤ ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ጭኑ ላይ አኖረችውና ዚፑን እስከ ጫፍ ከፈተችው።

«እኛ ዘንድ ማንም ሳይፈተሽ አይወጣም። ይዩልኝ አባባ።»

ፌዝ አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ላቀው ዚፑን ያዘ። «በስመ አብ! ምን ቆርጦኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለና፣ ያላመጠው ቃል ድንገት ስለወጣለት እሱም ተገርሞ፣ ዚፑን ይዘጋ ጀመር።

ዓይኑ ግን፣ አመል አይለቅም፣ ቦርሳው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

ሕሊናም አየችው።